በያጁና ሁለቱ ፋሻዎች

የፕላስቲክ ሰርጀሪ ክፍል ባልደረቦቿ «ሜትር» ይሏታል። ነርስ ናት፤ የክፍሉ ዶክተር ለሚያካሂደው ጥናት የበሽተኞችን ቁስል በማስመሪያ የምትለካው እሷ ናት።

የተቃጠለ ሰው ሲመጣ ከጭኑ ስስ ቆዳ ተገፍፎ በተቃጠለው ቦታ ይተከልለታል። ታዲያ ጭኑም በተራው ይቆስላል። ጥናቱ ያንን የጭን ቁስል ለሁለት ከፍሎ የላይኛውን በአዲስ ዓይነት ፋሻ፣ የታችኛውን በተለመደው ጎዝ፣ ማለትም ቫዝሊን በተቀባ ስስ ጨርቅ፣ መሸፈንና የቱ ቀድሞ እንደሚሽር ማየት ነው። እስካሁን በሃያ ሦስት ሰዎች ተሞክሮ አዲሱ ፋሻ ይቀድም ነበር።

ሃያ አራተኛው ሰው በያጅ ነው። የብየዳ ፍንጣሪ እጅጌው ውስጥ ገብቶ ክንዱን ለብልቦታል። ቆዳው በተተከለለት በአራተኛው ቀን ሜትር ጭኑን ገልጣ ስትለካ አንገቱን አስግጎ በጥያቄ አጣደፋት።

«የላይኛው እየደረቀ ነው፤ የታችኛው ምነው እርጥብ ሆነ?»

«ጋሼ፣ ልለካ ወይስ ልመልስ?»

«እጅሽ ይለካ፣ አፍሽ ይመልስ።»

እየሳቀች ጨረሰች። ፋሻው ቢረጥብ እንዲቀይር ከሁለቱም ዓይነት ትርፍ ሰጥታ ወደ ቤቱ ሸኘችው።

በስምንተኛው ቀን ተመለሰ። አዲሱ ፋሻ ከላይ፣ ጎዙ ከታች፣ በየቦታቸው ናቸው። ለካች። ደግማ ለካች። ወደ ኋላ መቅረት የነበረበት የታችኛው ግማሽ ከላይኛው እኩል ሽሯል! ዶክተሩን ልትጠራ ስትነሳ ዓይኗ ያነሳችው ፋሻ ላይ አረፈ። እሷ ስትቆርጥ ልብስ እንዳይዘው ማዕዘኑን ታድበለብለዋለች። የዚህኛው አራቱም ማዕዘን ግን ብረት እንደሚቆርጥ ሰው ሥራ ቀጥ ያለ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ቆረጠው?»

በያጁ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። «አትቆጪኝም?»

«እቆጣለሁ። ግን ይንገሩኝ።»

«መንታ ሴቶች ልጆች አሉኝ፤ ለአንዷ አዲስ ጫማ ገዝቼ ሌላዋን በአሮጌ ብልክ አንጀቴ አይችልም። እናንተ ደግሞ የላይኛውን ልጅ፣ የታችኛውን የእንጀራ ልጅ አደረጋችሁት። ሁለቱም የኔው ቆዳ! ያን ቀን ቤቴ እንደገባሁ ትርፎቹን ቆርጬ አዲሱን ወደ ታች፣ ጎዙን ወደ ላይ ገለበጥኳቸው። ዛሬ ጠዋት እንዳታውቂብኝ መልሼ አስተካከልኩ።»

ሜትር ሳቋም እልኋም አንድ ላይ መጣባት። «ባላይ ኖሮ እኮ ውሸት ልጽፍ ነበር! የሃያ ሦስት ሰው ልፋት ላይ ውሃ ሊቸልሱበት!»

ሰውየው ከልቡ ደነገጠ። «ለቁስሌ እንጂ ለወረቀቱ አላሰብኩም፣ ልጄ። ይቅር በይኝ።»

ዶክተሩ ተጠርቶ ሲሰማ መጀመሪያ ግንባሩን ያዘ። ቀጥሎ ወንበር ስቦ የበያጁ ጭን ላይ አቀረቀረ።

«በአራተኛው ቀን ነው የገለበጡት? ታዲያ የላይኛው ወደ ጎዝ ሲቀየር ለምን ወደ ኋላ አልቀረም?»

«እኔንም የገረመኝ እሱ ነው» አለ በያጁ፣ እንደ ሥራ ባልደረባ።

«አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም» አለ ዶክተሩ። «ጥያቄ ግን ይሆናል። ምናልባት አዲሱ ፋሻ ለመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ብቻ ቢደረግ ይበቃ ይሆን?»

የበያጁ ልኬት ምክንያቱ ተጽፎ ከጥናቱ ወጣ። በቀሪዎቹ ሰዎችም አዲሱ ፋሻ ቀደመ። ያችን ጥያቄ የሚመረምር ሌላ ጥናት ሲፈቀድ ወራት አልፈው በያጁ ወደ ሥራው ተመልሶ ነበር። ለበሽተኞች የሚሰጠውን የአዲሱን ጥናት ማብራሪያ ወረቀት አንብቦ ያልገባውን እንዲነግራቸው ሜትር አስጠራችው። ሦስት ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮችን ሰርዞ ቀና አለ።

«ለመሆኑ አዲሱ ቆዳ ከየት ነው የሚመጣው? ከዳር ወደ መሃል ነው የሚሄደው?»

«ከዳርም ይመጣል፤ አብዛኛው ግን ከጸጉር ሥር ነው» አለ ዶክተሩ። «ቆዳው ሲገፈፍ የጸጉሩ ሥር ከታች ይቀራል። ከእያንዳንዱ ሥር ትንሽ ትንሽ ቆዳ ይወጣና እርስ በርሱ ይገናኛል።»

በያጁ እጁን የሻረው ጭኑ ላይ አሳረፈ።

«ይሄ ሁሉ ሲሆን እኔ ተኝቼ ነበር?» አለ። «ታዲያ ምነው አልጻፋችሁትም? የሚያስፈራውን ሁሉ ደርድራችሁ የሚገርመውን ተዋችሁት እኮ።»

ሜትር እስክሪብቶ አነሳች።