በገዛ ቀበሌዬ አንድ ድምፅ

ለፓርላማ አምስት ጊዜ ተወዳድሬ አምስት ጊዜ ወድቄአለሁ። ደባርቅ ገበያ ላይ «እንዴት አደሩ፣ የተከበሩ» እያሉ የሚያሾፉብኝ ለዚህ ነው። ለምጄዋለሁ፤ አልከፋም። መጀመሪያ ስወዳደር የጂኦግራፊ መምህር ነበርሁ፣ አሁን ጡረተኛ ነኝ። አሠራዋለሁ ብዬ የፎከርሁበት የቀበሌያችን መንገድ ያኔም ጭቃ ነበር፣ ዛሬም ጭቃ ነው።

የመጀመሪያው በዘጠና ሁለት ነው። በግል ቀረብሁ፤ ምልክት ምረጥ ሲሉኝ ቁልፍ መረጥሁ። የምሥራቹን ለንስሐ አባቴ ለቄስ መልከ ጼዴቅ ልነግር ሄድሁ። እሳቸው ግን ደስታዬን ትተው ሌላ ነገር ጠየቁኝ።

«ራስህንም ትመርጣለህ ማለት ነው?»

«አዎ አባቴ፣ ሕጉ ይፈቅዳል።»

«ሕጉማ ይፍቀድ። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ እኔ እሻላለሁ ብለህ በገዛ እጅህ ልትመሰክር? ትዕቢት ነው፤ ተው ልጄ።» ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ «ያንተን ድርሻ እኔ እወጣልሃለሁ። ምልክትህን ምንድር ነው አልኸኝ?»

«ቁልፍ።»

«በቃ፣ ቁልፍ።»

የንስሐ አባት ቃል ነውና ታዘዝሁ። ከዚያ ወዲህ በመጣው ምርጫ ሁሉ የፓርላማውን ወረቀት ባዶውን አጥፌ ኮሮጆ ውስጥ ከትቼ እወጣለሁ። ሲቆጠር «ዋጋ አልባ» የምትባለዋ ወረቀት የእኔ ናት።

በዚያ በመጀመሪያው ምርጫ ማግስት ውጤቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ፤ በቀበሌያችን ጣቢያ ሁለት ድምፅ አገኘሁ። ከሩቅ ቀበሌዎች አሥርም አሥራ አምስትም አግኝቻለሁ። እኔን የማይመርጠኝ የሚያውቀኝ ሰው ነው። ቢሆንም በሁለቷ ልቤ ሞላ፤ አንዷ የቄስ መልከ ጼዴቅ፣ አንዷ የባለቤቴ የእናናዬ። ቤት ገብቼ እጇን ሳምኋት።

«ምን ሆንህ አንተ ሰውዬ፣ ያሸነፍህ መሰለህ እንዴ?» አለችኝ።

በዘጠና ሰባት ሰዉ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ መረጠ፤ እንደዚያ ያለ ምርጫ አይቼ አላውቅም። ቁልፏን ከዳባት የመጣ ማንያዘዋል የሚባል ነጋዴ ቀድሞኝ አስመዝግቧት ነበር፤ እኔ መሰላል ወሰድሁ። ማንያዘዋልም እንደ እኔ መውደቅ የማይሰለቸው ሰው ነው፤ ቁልፏን ከዚያ በኋላ አለቀቃትም። የቅስቀሳ ወረቀቴን ቤት ተቀምጬ በእጄ ስሥል እናናዬ የዱቄት ሙጫ እያፈላች፣ «መሰላሉ ጠሟል፤ በዚህ ማን ይወጣል?» ትለኝ ነበር። ፊደል አትቆጥርም፤ ሥዕል ግን ታርማለች።

አገር ሁሉ ሲለዋወጥ የእኔ ውጤትም ተለወጠ። ከሁለት ወደ አንድ ወረደ።

በሩ ላይ ቆሜ አሰብሁ። የንስሐ አባት ቃሉን አያጥፍም። የጎደለችው የማን እንደሆነች ለማወቅ የሒሳብ መምህር መሆን አያስፈልግም። ቤት ስደርስ እናናዬ ልብስ ታሰጣ ነበር።

«ለምን ተውሽኝ?» አልኋት።

ዞር ብላ አየችኝ። ነገሩ ሲገባት ፊቷ ተለወጠ። «ድምፅ ምስጢር ነው ብለህ ጎረቤቱን ሁሉ ያስተማርኸው አንተ አይደለህ?»

«ለባልም?»

«ለማያምን ባል ቢነግሩትስ ምን ይሆንለታል?» አለችና ማስጣቷን ቀጠለች።

ያን ክረምት ተኳርፈን ከረምን። ከአንድ ገበታ እንበላለን፤ ጨው አቀብዪኝ ካልሆነ በቀር ቃል አይወጣንም። ለመስቀል ታረቅን። በሁለት ሺህ ሁለት ወንበር ሆኜ ቀረብሁ፤ ያው አንድ ድምፅ። ደግሞ እስከ መስቀል ተኳረፍን። «ፓርላማ ብትገባ አዲስ አበባ ትቀራለህ» ያለችኝ ትዝ እያለኝ፣ ይህችው ናት የከለከለችኝ እል ነበር። ለቄስ መልከ ጼዴቅ ግን በየዓመቱ ከቀፎዬ የመጀመሪያውን ማር እወስድላቸው ነበር። ስለ ድምፁ አንድም ቀን አንስቼ አላውቅም፤ የንስሐ አባት መረጡኝ ወይ ተብለው አይጠየቁም። እሳቸውም «ምነው አበዛኸው» ይሉና ይቀበሉኛል።

በሁለት ሺህ ሰባት ምልክቴ ሰዓት ነበረ። የእናናዬ እግር ያን ሰሞን አብጦ ነበርና ወደ ጣቢያው የሚወስደውን ዳገት በዱላ ወጣችው። ሰው በተሰበሰበበት፣ «ለማንያዘዋል ብለሽ ነው ይሄን ሁሉ ዳገት?» አልኋት። ሰዉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ቀደመችኝ። አሁንም አንድ ድምፅ አገኘሁ።

እናናዬ በጥር ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ሞተች። የማያስነሳ የሆድ ሕመም ነበር። ጦርነቱም ከቅርባችን ነበረ፤ ሰው ሁሉ ሐዘን ላይ ነው። «አሁንስ አርፈህ ተቀመጥ» አሉኝ። እኔ ግን ተመዘገብሁ፤ ፋኖስ ደረሰኝ። ባዶ ቤት መቀመጥ አቅቶኝ ነው። ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ ያችን አንድ ድምፅ አይቼ፣ «ይኸው፣ አንቺ ሳትኖሪም አልጎደለችብኝም» ልላት ፈልጌ ነበር። ሰው በሞተ ሰው ላይ እልህ ይይዛል? እኔ ይዤአለሁ። ፋኖሱን ስሥል ግን ጠማማ ይሁን ቀጥ ያለ የሚነግረኝ አጣሁ።

በምርጫው ማግስት ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ ወደ ትምህርት ቤቱ ወጣሁ። ጣቢያውን የምትመራው ስንዱ፣ ድሮ ያስተማርኋት ልጅ፣ ወረቀቱን ለጥፋ መጨረሷ ነበር። ስታየኝ በሩን ተደግፋ ቆመች።

«ጋሼ አንሙት፣ ትንሽ ቆይተው ቢመጡስ?»

«ምነው ልጄ? አንዷን አይቼ ልሂድ።»

ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ ዘወር አለችልኝ። ከስሜ ፊት ያለው ዜሮ ነው።

«ደግማችሁ ቆጥራችኋል?»

«ሦስት ጊዜ፣ ጋሼ። አንዲት ባዶ ወረቀት አለች እንጂ ሌላ የለም።»

ባዶዋን አውቃታለሁ። ቄስ መልከ ጼዴቅ ከዱኝ ብዬ እየተቆጣሁ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወረድሁ። ደጀ ሰላሙ ጥግ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

«አባቴ፣ ትናንት መርጠዋል?»

«ይኸውልህ» ብለው ቀለም የነካውን ጣታቸውን አሳዩኝ።

«ማንን?»

«ኧረ ምን ነካህ ልጄ? ቃል ሰጥቼሃለሁ እኮ። እንደ ሁልጊዜው ቁልፏ ላይ ነዋ!»

«የትኛዋ ቁልፍ?»

«ያንተዋ! ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ ዓይኔ አይለይልኝም፤ ቁልፏን ግን አምስቱንም ጊዜ አላጣኋትም።»

አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ቁልፍ የእኔ የነበረችው አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲህ የማንያዘዋል እንደሆነች፣ እኔ መሰላል፣ ወንበር፣ ሰዓት፣ ፋኖስ እንደነበርሁ ነገርኋቸው። ቀለም የነካውን ጣታቸውን ደግመው አዩት።

«ያንን የዳባቱን ነጋዴ ነው የመረጥሁት?»

«አራት ጊዜ፣ አባቴ።»

«ምነው ሳትነግረኝ?»

«እርስዎን እንዴት ብዬ?»

«ታዲያ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ስትቆጠርልህ የኖረችው አንዷ የማን ነበረች?»

ቀና ብዬ አየሁ። የእናናዬ መቃብር ከተቀመጥንበት ይታያል፤ ሣር ገና አልያዘም። እሳቸውም ወደዚያው አይተው መልሱን አገኙት። ያ ያበጠ እግሯ፣ ያ ዳገት፣ እኔ ሰው ሰብስቤ ያሳቅሁባት ቀን መጣብኝ። እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

«ንስሐ ይስጡኝ» አልኋቸው።

«ምን በድለህ?»

«አሥራ ስድስት ዓመት ሚስቴን አምቼአለሁ።»

«አርባ ስገድ» አሉኝ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው ቆዩና፣ «የእኔንም አርባ ጨምርበት። ጉልበቴን ታየዋለህ። የእኔን ድርሻ አንተ ትወጣልኛለህ።»

ሰማንያውን በአራት ቀን ጨረስሁት። ከዚያ በኋላ ማንንም አላኮረፍሁም፤ የማኮርፈውም ሰው የለኝም። የምርጫ ወሬ በተነሳ ቁጥር ደባርቅ ገበያ ላይ፣ «የተከበሩ፣ አይመዘገቡም እንዴ?» ይሉኛል። ድሮ ለዚህ ጥያቄ ሩብ ሰዓት የሚፈጅ ንግግር ነበረኝ። አሁን «መራጬ ሞታለች» ብዬ አልፋለሁ።