ያድግበታል

እኔን ኤርሲዶን መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ «ነጭናጫው» ይሉኛል። ይበሉ! ሱቄ ሳይክል ሊገዛ የሚመጣ ሁሉ የሚጠይቀኝ የጎማ ቁጥር ነው፤ «ሃያ አራት አለህ? ሃያ ስድስትስ?» የፍሬሙን፣ የብረት አካሉን፣ ቁመት የሚጠይቅ አንድ ሰው አላየሁም። ለልጅ ሲሆንማ ይብሳል። እንደ ዩኒፎርም፣ እንደ ዒድ ጫማ፣ ከልኩ ከፍ ያለውን ነው የሚፈልጉት። «ያድግበታል» ይላሉ።

ከሁለት ዓመት በፊት ግን ይህን ቃል ያልኩት እኔው ራሴ ነኝ። ፋሂም ለሚባል ልጅ የሚሆነው ፍሬም አልቆብኝ ነበር። እናቱ ረሺዳ ስታመነታ፣ ኮርቻውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጌ «ውሰጂው፣ ያድግበታል» አልኳት። ልጁ አግዳሚውን ብረት በእግሮቹ መሃል አድርጎ ሲቆም በጣቶቹ ጫፍ ነበር። አይቻለሁ እኮ!

በወሩ በሸቤ መንገድ ቁልቁለት ላይ አይሱዙ ስር ገባ። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። ከተማው ሁሉ «ሲበር ነው» አለ። ከኋላው የነበረ የባጃጅ ሹፌር ግን ሱቄ ድረስ መጥቶ እውነቱን ነገረኝ። ልጁ መኪናውን ሊያሳልፍ ፍሬን ይዞ ቆሞ ነበር። እግሩን ላሳርፍ ሲል መሬት አጣ፤ ወደ መኪናው ወደቀ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ ወዲህ ሱቄ ውስጥ እግር አያለሁ። በጠራራ ፀሐይ! ከተደረደሩት ሳይክሎች ስር ሁለት ሸራ ጫማ፣ ተረከዛቸው ከመሬት ተነስቶ። ከላይ ሰው የለም። ቸርች ሄጄ አስጸለይኩ፤ እግሮቹ ሳምንት ፋታ ሰጡኝና ተመለሱ። ጎንበስ ብዬ «ምናለ አንዴ እንኳ ብታሳርፋቸው፣ የኔ ልጅ» ብዬ ለምኜዋለሁ። ሰው ቢሰማኝ ለየለት ይለኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ረሺዳ የፋሂምን ታናሽ እህት፣ ሱሀይላን ይዛ መጣች።

«ጋሽ ኤርሲዶ፣ ለእሷ ሳይክል ፈልጌ ነው» አለች። «እሷ እንኳ ትሰማለች። ወንድሟማ ቀስ በል ቢሉት መች ሰማ! አባቱ እስከ ዛሬ አልማረውም፤ ስሙ ቤት ውስጥ እንዳይነሳ ከልክሏል። ያ ረቢ! ለገዛ ልጄ ዱዓ የማደርገው ተደብቄ ነው።»

ሱሀይላ ይሄኔ ትልቁን ቀይ ሳይክል መርጣ፣ ብረቱን በእግሮቿ መሃል አድርጋ ቆማለች። ተረከዟ ተነስቷል።

«ውረጂ!» ብዬ ጮህኩባት። ልጅቷ ክው አለች።

ትንሹን አውጥቼ ለእናቷ «ሁለቱም ተረከዟ መሬት ይንካ። በእሷና በብረቱ መካከል ሦስት ጣትሽ ይግባ። ካልገባ አልሸጥም» አልኳት። ረሺዳ ጣቶቿን አስገብታ ለካች፤ ልክ ነው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ለፋሂም ግን እንዲህ አላስለኩኝም።»

ነገርኳት። አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። የጠበቅኩት ጥፊ ነበር።

«ቆሞ ነበር?» አለች።

«ፍሬን ይዞ ቆሞ ነበር።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ የሞተ ልጄን ስንወቅስ፣ እርስዎ እያወቁ?»

«አዎ። ፈራሁ።»

«ሱቁን ይዝጉ» አለች። «ለአባቱ እርስዎ ራስዎ ይነግሩታል።»

ከረሺዳና ከሱሀይላ ጋር ቤታቸው ስደርስ፣ አባቱ ጠሃ ግቢው ውስጥ የተሰጣ ቡና እያገላበጠ ነበር። እንደቆምኩ ነገርኩት። ቢመታኝ ደስ ባለኝ። እሱ ግን ቡናው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ ወደ ውጭ በሩ ዞረና፣ ልጁን ከጨዋታ ለምሳ እንደሚጠራ አባት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ፋሂም!» አለ።

ትንሽ ጠበቀ።

«ፋሂም! ና ግባ፣ አባቴ። አልቆጣህም።»

ሁላችንም በሩን አየን።