ጎርፍ በመጣ ዕለት የተካበ ቃል

ማለዳ ወንዙ መሙላት ሲጀምር የወንዝ ዳሯ ማሪኪና ሰፈርተኞች ልጆቻቸውንና ሩዛቸውን ተሸክመው ወደ ትምህርት ቤቱ ሸሹ። ሮዌናም ሻንጣዋን ቋጥራ ነበር። አማቷ ኤርሊንዳ ግን ከወንበራቸው ንቅንቅ አልል አሉ።

"አንቺ ሂጂ። እኔ ቤቴን ለሌባ ጥዬ አልሄድም። ይሄ ወንዝ ደግሞ ፎቅ ላይ ወጥቶ አያውቅም።"

ባሏ ዳንቴ መርከበኛ ነው፤ ያኔ ባሕር ላይ ነበር። እናቱን ጥላ ብትሄድ ምን ብላ ትነግረዋለች? ቀረች።

እኩለ ቀን ላይ ውሃው ምድር ቤቱን ውጦ ደረጃውን አጋመሰ። የፎቁ መስኮት ሌባ እንዳይገባ በብረት ፍርግርግ ታጥሯል። የፍርግርጉ ቁልፍ ወጥ ቤት እንደተሰቀለ ውሃ ውስጥ ቀርቷል። ሮዌና ብረቱን ጨብጣ ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች። ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ ዋጠባት።

"ነይ ተቀመጪ፤ ጉሮሮሽን አትጨርሺ" አሉ ኤርሊንዳ፣ አልጋው ላይ ከረጢት እየዘረገፉ። በየገጻቸው የላቲን ፊደል የተቀረጸባቸው የእንጨት ኪዩቦች ነበሩ።

ሮዌና እንደ ባሏ "ናናይ"፣ ማለትም እማዬ፣ ብላ ነው የምትጠራቸው። "ልንሰምጥ ነው እኮ ናናይ! እርስዎ ጨዋታ አማረዎት?"

"ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንስመጥ?"

ሮዌና ፍርግርጉን ለቅቃ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ኤርሊንዳ ደንቡን እያጉረመረሙ ነገሯት። ቃሉን አግድም መደርደር ይቻላል፣ ቁልቁልም ይቻላል፤ አንዱን እንጨት በሌላው ላይ እየካቡ ወደ ላይም መሥራት ይቻላል። የተካበው ከላይ ወደ ታች ይነበባል። ከሥሩ ድጋፍ የሌለው እንጨት አይቀመጥም፤ እርስ በርስ የተነካካው ሁሉ ደግሞ ቃል መሆን አለበት። ፊደሉ ከፍ ባለ ቁጥር ነጥቡ ይበልጣል።

ኤርሊንዳ ትሪ ላይ "ባሃ" ብለው ደረደሩ፤ በቋንቋቸው ጎርፍ ማለት ነው። ሮዌና ጫፉ ላይ "ዋይ" የምትባለውን ፊደል ጨመረች። "ባሃይ" ሆነ፤ ቤት።

"ኧረ አንቺ! ከጎርፍ ቤት አወጣሽ!" ብለው ሳቁ።

ሮዌና አልሳቀችም። ውሃው ከደረጃው ወጥቶ ጣውላው ላይ ቀስ ብሎ ሲዘረጋ እያየች ነበር። ተራዋ ሲደርስ በ"ዋይ" ላይ እንጨት በእንጨት ካበች። ኤርሊንዳ ከላይ ወደ ታች አነበቡት። "ፓታይ"። የሞተ ማለት ነው።

"አፍርሺው።"

"ለምን? ደንቡ ይፈቅዳል። አሁን እርስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ?"

"አፍርሺው አልኩሽ!" ድምፃቸው ተሰበረ። "ያልሄድኩት በጉልበቴ ነው፣ ልጄ። ትምህርት ቤቱ ይቅርና ከደጅ እንኳን አያደርሰኝም። ሰው ጀርባ ላይ ታዝዬ ሰፈሩ ሲያየኝ... አፈርኩ። ሌባ ምናምን ያልኩት ውሸቴን ነው።"

ሮዌና ብድግ አለች። "ለዚህ ነው? ለዚህ ነው ያስቀሩኝ?" ብቻ አለች። ጠዋት ወደ ፎቅ ያወጣችውን የሩዝ ድስት አንስታ ፍርግርጉን ትቀጠቅጠው ጀመር። ንዴቷን ሁሉ አወጣችበት። ክንዷ ሲዝል እጇን ቀየረች፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቷን አልፎ ባቷን ሲይዝም አላቆመችም። ኤርሊንዳ አልጋው ላይ ሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብለው ጸለዩ።

"እዚህ ሰው አለ!" አለ ከውጭ አንድ ድምፅ።

በጎማ ጀልባ የመጡት ሰዎች የፍርግርጉን ጓጉንቸር በመቁረጫ በጠሱት። ኤርሊንዳን አንዱ አዘላቸው። ሳይሸሹ ቀርተው ጣራ ላይ የወጡ ጎረቤቶች ሁሉ ያያሉ፤ እሳቸው ፊታቸውን የሰውየው ትከሻ ውስጥ ቀበሩ።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ በካርቶን ላይ ተቀመጡ። የተቀቀለ እንቁላል ታደለ። ኤርሊንዳ ልጠው ለሁለት ከፈሉና ትልቁን ለሮዌና ሰጧት።

"ጭቃው ሲጠረግ ትመለሻለሽ አይደል?"

"አልመለስም።"

ኤርሊንዳ ድርሻቸውን ሳይቀምሱ ካርቶኑ ላይ አስቀመጡት። "እኔስ?"

"እርስዎም አይመለሱም" አለች ሮዌና፣ ፊቷን ሳታዞር።