ስንጥቁና የአባቴ ጥፍር

አባቴ የግራ አውራ ጣቱን ጥፍር መቁረጥ ያቆመው ጡረታ በወጣ ማግስት ነው። ዝናቡ ካቆመ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት በመኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከወለሉ እስከ መስኮቱ የወጣች ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ አየ። ሌላ ሰው ቢሆን ግንበኛ ይጠራል። የእኔ አባት ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ፣ ተማሪዎቹ «ጋሽ ካርታ» የሚሉት ሰው ነው። ማስመሪያና እርሳስ አመጣ።

የምድር ቅርፊት ፕሌት በሚባሉ ግዙፍ የዓለት ሰሌዳዎች የተከፋፈለ መሆኑን፣ ሰሌዳዎቹም ጥፍር በሚያድግበት ፍጥነት እንደሚጓዙ በየዓመቱ ለተማሪ ሲነግር ኖሯል። ስለዚህ ጥፍሩን አሳደገ። በየወሩ የጥፍሩን ርዝመትና የስንጥቁን ስፋት እየለካ ግድግዳው ላይ ከነቀኑ ይጽፋል። በስድስተኛው ወር ሁለቱ እኩል ሆኑ፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሊሞሉ ምንም አልቀራቸው።

«ምድር የምትከፈለው በእኔ አልጋ ሥር ነው!» አለኝ በስልክ። ሎተሪ የወጣለት ሰው እንኳ እንዲህ አይጮህም።

ከደስታው ቀጥሎ ውሳኔው መጣ። ቤቱ ይለቀቃል፤ ከአሥር ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የጭነት መኪና ይመጣል። ያን ቤት እናቴ በገዛ እጇ ድንጋይ እያቀበለች ያሠራችው፣ ሦስት ልጆች ያሳደገችበት ነው። «ለዚህ ጥፍርህ ብለህ ነው ከቤቴ የምታስወጣኝ?» አለችውና ከዚያ ወዲያ ዘጋችው።

የእኔ ሥራ አፈር መመርመር ነው። አባቴ ሙያዬን «ጭቃ ማቡካት» ይለዋል። በማግስቱ በንዴት ጦፌ ደረስኩና ሻንጣዬን እንኳ ሳላስገባ አካፋ አንስቼ ከግድግዳው ውጭ ያለውን መሬት ቆፈርኩ። ጥቁር አፈር ነው። ከመድረቁ የተነሳ እጅ እስከ ክርን የሚያስገባ ስንጥቅ ሠርቷል።

ጓሉን ፈጭቼ ብርጭቆ ውስጥ እስከ ግማሽ አደረግኩ፣ ከፍታውን በአባቴ እርሳስ ምልክት አድርጌ ውሃ ጨመርኩበት። ሲነጋ አፈሩ ከምልክቱ ጣት ያህል አልፎ ነበር።

«አየህ አባዬ፣ ይሄ አፈር ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ግድግዳውን ይዞት የሚሄደው እሱ ነው። አንተ ደግሞ የለካኸው በበጋ ብቻ ነው። አንድም ክረምት አልለካህም።»

ብርጭቆውን አዟዟረና ጣቱን የእርሳሱ ምልክት ላይ አሳረፈ።

«እና ጭቃ ነው?» አለኝ።

አንጀቴን በላኝ። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም።

«ጭቃው ከየት የመጣ መሰለህ? የአንተ ፕሌቶች ሲላቀቁ በመሃላቸው የቀለጠ ዓለት ወጣ፤ በረደ፣ ጠጠረ። ከዚያ ዝናብና የዛፍ ሥር ስንትና ስንት ሺህ ዓመት እየቦረቦሩ አፈር አደረጉት። አልተሳሳትክም እኮ አባዬ። ጥቂት ሚሊዮን ዓመት ዘገየህ እንጂ።»

ከንፈሩ ለሳቅ ተንቀሳቀሰና ተመለሰ። «መኪናው ቅዳሜ ይመጣል» ብሎኝ ወጣ።

ስምንት ቀን ቀረኝ። እናቴና እኔ ጠዋት ማታ በግድግዳው ዙሪያ ያለውን አፈር ቀስ እያልን አጠጣን፤ ፀሐይ እንዳይመጠውም ሣር አለበስነው። እናቴ «ችግኝ ሳጠጣ ኖሬ በእርጅናዬ ቤት ላጠጣ!» እያለች ትስቃለች። አባቴ በመስኮቱ ያየናል፤ ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም መጋረጃውን ይስባል። በየሌሊቱ አፈሩ በጊዜ ባይደርስልኝስ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት የመኪናው ጥሩምባ ተነፋ። አባቴ ኮቱን ለብሶ ነበር። ሊወጣ ሲል ግን ልማዱ አሸነፈውና አውራ ጣቱን ወደ ስንጥቁ ወሰደ። እኔና እናቴ በሩ ላይ ቆመን እናየዋለን። ጥፍሩ የስንጥቁ ስፋት እጥፍ ሆኗል። መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ ለካ። ከዚያ በመጨረሻው ቁጥር ሥር አዲስ ቁጥር ጻፈ፤ ከበላዩ ካለው የሚያንስ የመጀመሪያው ቁጥር።

ሾፌሩ ደገመና ነፋ።

«ዕቃው ይውጣ ወይስ ይቅር?» አለችው እናቴ። ከአሥር ቀን ወዲህ ለእሱ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ግራ እጁን ዘረጋላት።

«ጥፍር መቁረጫሽን አምጪ» አላት።