ታርጋ የሌላት አራስ

በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ለሠላሳ ሴት አንዲት ጣውላ ነበረች፤ መዳፍ የምታህል፣ በሲባጎ የተንጠለጠለች። እሷን አንገቷ ላይ ሳታስር ከሥራዋ የምትነቃነቅ ሴት የለችም፤ ለሽንትም ቢሆን። ሴቶቹ «ታርጋ» ይሏታል። አለቃቸውን ደግሞ ከአፏ በማይጠፋው ነገር «ፊሽካ» ብለው ሰይመዋታል።

አራሷ በወለደች በሁለት ወሯ አንሶላ ወደ መተኮሱ ተመለሰች። ታርጋው ሲደርሳት ሳሙና የሚቀመጥበት ክፍል ገብታ ጡቷን በእጇ እያለበች ወተቱን በጡጦ ታጠራቅማለች። ለልጅቷ የነገ ምግብ ነው። ሩብ ሰዓት ተፈቅዶላታል፤ ግን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ በሩ ይደበደባል።

«አንቺ ላም! ሽንታችን ሊያመልጠን ነው!»

«ላምስ ብትሆን ቶሎ በታለበች!» ትላለች ሌላዋ። ሳቅ ይሆናል።

ያኔ ትከሻዋ ይወጠራል። ጡቷ ሞልቶ፣ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ እያመማት ጠብ የሚል ነገር የለም። «አምላኬ፣ ስለ ልጄ ብለህ» ትላለች በለሆሳስ። ፊሽካው ይነፋል።

ቤት ስትገባ አማቷ ጡጦውን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ታነሣዋለች።

«ሁለት ጣት! ለድመት ነው ያመጣሽው?»

«እማማ፣ እዚያ ሲያጣድፉኝ አልወርድ ይለኛል እንጂ ወተትስ አለኝ።»

«አለኝ የሚባለው ሲታይ ነው። ደርቀሻል በቃ!»

ረቡዕ ዕለት አራሷ ክፉ ሐሳብ መጣባት። ከቧንቧው ውሃ ጨምራ ጡጦውን እስከ አንገቱ ሞላችው። አማቲቱ አየችው፣ ነቀነቀችው፣ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ላሰችው።

«ይሄ ወተት ነው ወይስ የሳህን እጣቢ?» ጡጦውን ደፋችው። «ልጅቷን ልትገድያት ነው! ዓርብ ይዣት እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ። የምትታለብ ላም አለቻት። አንቺ ጡትሽን ታቅፈሽ ቅሪ!»

ባሏ ጫማውን እየፈታ «እናቴ ያለችው ይሁን» አለ። ቀና እንኳ አላለም።

ዓርብ ጠዋት አንሶላው ተራራ አህሎ ተከምሯል። ታርጋው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አራሷ ጋ አልደረሰም። ወደ መናኸሪያ የሚወስደው መንገድ በማጠቢያው ደጃፍ ያልፋልና፣ አማቲቱ ልጅቷን አዝላ የቤቱን ቁልፍ ለዘበኛው ልትሰጥ በሩ ላይ ቆመች። ልጅቷ አለቀሰች።

አራሷ በዚያ ሁሉ የማሽን ጩኸት መሃል ለየቻት። ጡቶቿን ነዘራት። ሳትነካቸው ወተቱ ወረደ፤ ጋውኗን አልፎ፣ ገና የተኮሰችው ነጭ አንሶላ ላይ ተንጠባጠበ።

«አበላሸሽው!» ፊሽካ ደረሰች። «በቆምሽበት ቁሚ! ታርጋ የለሽም!»

አራሷ ካውያውን አቁማ፣ ደረቷ እንደበሰበሰ ወጣች። ከአማቷ ጀርባ ልጅቷን ፈትታ ወሰደቻት።

«ምን ልትሆኚ ነው? አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው እኮ!»

አራሷ የበሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጡቷን አጎረሰቻት። ልጅቷን ትን አላት፤ ሳለች፣ መልሳ ያዘች። ወተቱ በአገጯ ወርዶ አንገቷ ውስጥ ገባ። ስትውጥ ይሰማል። አማቲቱ ጋውኑን አየች፤ የልጅቷን ጉንጭ አየች።

ፊሽካ እየነፋች ወጣች። «ተባረሻል! ዛሬውኑ! ሰማሽ?»

አማቲቱ ሻንጣዋን መሬት ጥላ ዞረች።

«አንቺ! ዝም አትይም? በጩኸትሽ ወተቱን ልትመልሺባት ነው!»

ፊሽካው ከሴትዮዋ ከንፈር ወደቀ። አውቶቡሱ ጥሩምባውን እየነፋ አለፋቸው፤ አማቲቱ ዞር ብላ አላየችውም። ምራቷ ላይ ጎንበስ ብላ አፈጠጠችባት።

«አንቺ ደግሞ ቀና አድርጊያት እንጂ! አንገቷን ልትሰብሪው ነው።»