በሙሾ የማይነሳ

ውጤቱ ሲነገረኝ አላመንኩም። ከድፍረት አይደለም፤ ልማዴ ነው። ናሙናውን ጎንደር አስመረመርኩ፤ አዲስ አበባ ላክሁት፤ ፊንላንድ ስማር ለተዋወቅኳት ሐኪምም ፎቶውን ሰደድኩላት። ሦስቱም የጡት ካንሰር ነው አሉ። የተማሩ ሰዎች እንዲህ ሲስማሙ አይቼ አላውቅም።

እኔም ዶክተር ነኝ፤ የድንች በሽታ ዶክተር። ደባርቅ አስተምራለሁ። ስለዚህ ከጎንደሩ ሐኪም ጋር «ዶክተር»፣ «ዶክተር» እየተባባልን ስንከባበር ቆየንና ጥያቄው መጣ።

«ከቤተሰብዎ በዚህ በሽታ የሞተ ሰው አለ?»

«እኔ እንጃ።»

«የዘር ምርመራው እዚህ የለንም። ስሞቹን ካመጡልኝ ግን ይበቃኛል። ብዙ ከሆኑ ሁለቱንም ጡት ስለማንሳት እንነጋገራለን፤ የሥጋ ዘመድዎ የሆኑ ሴቶችም መመርመር አለባቸው። ሰኞ እጠብቅዎታለሁ።»

እናቴ ማሪቱ የሞተችው እኔ ፊንላንድ ሳለሁ ነው። ብርድ መታት አሉኝ፤ እሱንም የነገሩኝ አርባዋ ከወጣ በኋላ ነው። ቅዳሜ ጧት መንገዱ ክፍት መሆኑን አጣርቼ፣ በሚኒባስ ዳባት ወርጄ የእናቴ ወንድም አባባ ይግዛው ቤት ገባሁ።

አባባ ይግዛው በልጅነታቸው ከአባታቸው ኋላ ኋላ የርስት ሙግት እየተከታተሉ ያደጉ ናቸው። ርስቱ ሄደ፤ የዘር ቆጠራው አፋቸው ላይ ቀረ። በዳባት ዙሪያ ልጁን የሚድር ሁሉ ሙሽሮቹ እስከ ሰባት ቤት እንደማይዛመዱ የሚያጣራው እሳቸው ዘንድ ነው። ስለ ሙታን ለመጠየቅ ከሳቸው የተሻለ ማን አለ?

«እንጉዳይ በምን ሞተች?» አልኩ ደብተሬን ከፍቼ። እንጉዳይ ታላቅ እህታቸው ናት።

«ምች መታት።»

«እህትዎ አንጓችስ?»

«በሬ ወጋት።»

«የአንጓች ልጅ ዝማምስ?»

«መብረቅ።»

«መቼ?»

«በጥር።»

«በጥር መብረቅ አለ እንዴ አባባ?»

«የዚያን ዓመት ነበር።»

«አንጓችን የወጋው በሬስ ምን ተደረገ?»

«ለተስካሯ አረድነው» አሉ ሳያመነቱ።

ይህን ያህል አደጋ የወረደበት ቤተሰብ እስካሁን ዘር መትረፉ ደነቀኝ። አባባ ይግዛው ደብተሬን በጭራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

«የቢራራ ሽማግሎች ናቸው የላኩሽ፣ አይደል?»

«የምን ሽማግሌ?»

«ሰው በደብተር የሚጠይቀው ሲላክ ነው። በያቸው፣ የይግዛው ቤት ንጹሕ ነው። ቁምጥና የለበት፣ የሚጥል በሽታ የለበት፣ ምንም የለበት!»

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ልጃቸው ጥሩዬ ከፋሲካ በኋላ ለቢራራ ልጅ ልትዳር ነው። የወንዱ ወገን ደግሞ ዝምድናውን ብቻ ሳይሆን በዘር ያለውንም በሽታ ይጠይቃል።

«አባባ፣ የታመምኩት እኔ ነኝ። ጡቴን።»

መጀመሪያ በሩን አዩ። ከዚያ እኔን። 

«ደኅና ነሽ» አሉ። «እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ደኅና ነሽ። ሠርጉ ይለፍ። ከዚያ በኋላ እንደፈለግሽ ታመሚ።»

«ቀጠሮው እኮ ሰኞ ነው!»

«የድንች ሐኪም አይደለሽ? ሂጂ ድንችሽን አክሚ!»

ተናድጄ ወጣሁ። አጥሩ ጋ ስደርስ ጥሩዬ ከኋላዬ ሮጣ ነጠላዬን ያዘችኝ።

«እትዬ፣ አልቃሿን፣ እማማ የሺወርቅን ጠይቂያቸው። አባቴ ሰው በሞተ ቁጥር ከቀብሩ በፊት እሳቸው ዘንድ ይሄዳል።»

«ምን ሊያደርግ?»

«እኔ ምን አውቄ! ብቻ እናትሽን ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ብርድ እንደዚያ አይሸትም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔም ፈርቻለሁ።»

እማማ የሺወርቅን ደጃቸው ላይ ባቄላ ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ለማሳመን ብዙ የምደክም መስሎኝ ነበር።

«ከየትኛዋ ልጀምርልሽ?» አሉኝ።

«ያውቃሉ?»

«ልጄ፣ ሙሾ ከማውጣቴ በፊት የሚነሳውም የማይነሳውም ይነገረኛል። የማይባለውን ካልነገሩኝ እንዴት ብዬ ልተወው? አንድ ጊዜ ሳይነግሩኝ ቀርተው የሟቹን የውሽማ ልጅ በስሙ ጠርቼ፣ ቀብሩ በዱላ ተበተነ።» ጣታቸውን አጠፉ። «እንጉዳይ፣ ጡት። አንጓች፣ ጡት።»

«በሬ ወጋት የተባለውስ?»

«በይ ያለኝ ይግዛው ነዋ! በበሬው ብቻ ሦስት ግጥም አወጣሁለት። በሬው ራሱ ቢሰማ ባለቀሰ።» ሌላ ጣት አጠፉ። «ዝማም፣ ጡት። እናትሽ ማሪቱ፣ ነፍሷን ይማረው፣ ጡት።»

የእናቴ ስም ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። ስድስት ዓመት ሙሉ ብርድን ስረግም ኖሬያለሁ።

አባባ ይግዛው ያን ጊዜ እያለከለኩ ደረሱ።

«የሺወርቅ! አፍሽን ዝጊ!»

«አፌንማ አርባ ዓመት ዘጋሁልህ።»

«የልጄ ሠርግ ነው! ጥሩዬን ማን ያገባታል?»

«ጥሩዬም ጡት አላት፣ አያ ይግዛው!»

በትራቸውን ተደገፉ። ወደ እኔ ዞሩ።

«በወንድ በኩልም ያልፋል?»

«ያልፋል፣ አባባ።»

«እንግዲያ ለጥሩዬ ያሳለፍኩት እኔ ልሆን ነው።» ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። «ስንት ጻፍሽ?»

«አራት።»

«አምስት በይ። እናታችንን ሽታዬን ጨምሪ።»

እማማ የሺወርቅ ባቄላውን ደፉት። «እናትህን? ሊማሊሞ ላይ ገደል ገባች ብለህ አይደለም ያስለቀስከኝ?»

«ዋሸሁሽ።»

«ለአልቃሽ ይዋሻል? ያንን ሁሉ ሕዝብ ቀኑን ሙሉ ገደል ሳስረግም የዋልኩት በሐሰት ነው?»

«ልጅነት ነው፣ የሺወርቅ። የእናቴን ጡት በአፌ መጥራት አቃተኝ።»

አምስት ስም። ሁለቱም ጡቶቼ እንደሚሄዱ ገባኝ። ልቅሶ ሊመጣብኝ ሲል አባባ ይግዛው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ዳኛ ፊት እንደቆመ ተሟጋች ጀመሩ።

«ጻፊ! ሽታዬ እንጉዳይን፣ አንጓችን፣ ማሪቱንና እኔን ወለደች። አሁን በሕይወት ያሉትን ሴቶች ነው የምቆጥርልሽ። የእንጉዳይ ልጆች ሁለቱ አምቢኮ ተድረዋል፣ አንዷ ደረስጌ...» እጄ አልደርስ አለ። ከልጅ ልጆቹ ጋር አሥራ አራት ሴቶች። አንዲትም አልረሱ።

«ጥሩዬን ስንተኛ አደረግሻት?»

«እንደ አቆጣጠርዎ መጨረሻ ላይ ናት።»

«መጀመሪያ አድርጊያት። ሰኞ ካንቺ ጋር ትሄዳለች።»

ከዚያ ስልካቸውን አወጡና ለቢራራ ደወሉ። ለሩቅ ሰው እንደሚጣሩ ጮኹ።

«ቢራራ! ሽማግሎችህን እንዳትልክ። ሰኞ ልጄን ጡቷን ላስመረምር ነው። በቤታችን ያለ በሽታ ነው፤ እናቴም በሱ ነው የሞተች። ከፈለግህ ቃልህን አንሳ!»

ብዙ ጊዜ አዳመጡ። እማማ የሺወርቅ የደፉትን ባቄላ መልቀም ትተው አንገታቸውን አስረዘሙ። አባባ ይግዛው ስልኩን ዘግተው ኪሳቸው ከተቱ።

«ምን አለ? ቃሉን አነሳ?» አልኳቸው።

«እሱን ገና አልነገረኝም» አሉ። «‹ሰኞ ስትሄዱ የኔንም ባለቤት ይዛችሁልኝ ሂዱ› አለ።»