ከለቅሶ ድንኳን የወጣ ምዕራፍ

፩

...መቶ አለቃ ጎሹ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከሐዘንተኞቹ መካከል ተቀምጧል። ካቀረቡለት ንፍሮ ቆንጠር እያደረገ ይቅማል። አጠገቡ ያሉት ሽማግሌ ሲያለቅሱ አብሮ ያለቅሳል፤ እንባው የእውነት ነው። ነጠላው ሥር ያለው ሽጉጥም የእውነት ነው። ከግንባር የከዳው ወታደር ለእናቱ ለቅሶ ሳይመጣ እንደማይቀር ያውቃል። የማያውቀው መልኩን ነው፤ ፎቶግራፉ የለውም። ይሄኔ ማድቤቱ በር ላይ ቆማ የነበረችው እህቲቱ...

፪

እዚህ ላይ ይቁም። ጣጣው ያለው ቀጥሎ በሚመጣው ላይ ነው።

ከላይ ያለው «የማያንቀላፋው ዘብ» ከሚባል ልብ ወለድ፣ ከምዕራፍ አሥራ ዘጠኝ የተወሰደ ነው። የወታደራዊ ፖሊስ ታሪክ ነው። መቶ አለቃ ጎሹ የሚባል መርማሪ ከግንባር የከዱትን፣ የጦሩን ነዳጅ የሚቸበችቡትን፣ ጓደኛቸውን ገድለው «በጠላት ጥይት ሞተ» የሚሉትን እያነፈነፈ ያወጣል። ደራሲው ሻምበል ምትኩ ራሳቸው በወጣትነታቸው ወታደራዊ ፖሊስ ነበሩ። መጽሐፉ ስንት ጊዜ ታትሟል፤ በኪራይ ከእጅ እጅ ሲዞር ዳሩ ያለቀ ቅጂ የሌለበት ሰፈር የለም።

ልሳኑ ደግሞ ተራኪ ነው። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በአንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ ልብ ወለድ ያነባል፤ ሰሞኑን የያዘው ይህንኑ መጽሐፍ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማረው ሥነ ጽሑፍ ነው። ገና ወጣት ቢሆንም የሁለቱንም ወገን ሳይሰማ አይፈርድም፤ የሚያውቁት ሁሉ ይህን ይመሰክሩለታል። እሱም በዚህ ጠባዩ ይኮራ ነበር።

ይህ ታሪክ በቁጥር የተቆራረጠው ልሳኑ ራሱ በአንድ ትንፋሽ ሊነግረው ስለማይችል ነው።

፫

ለምን ይወዱታል
(አድማጮች ከነገሩት)

የታክሲ ሹፌር፦ «ተሳፋሪው ፌርማታው ላይ አልወርድም አለኝ። ‹ጎሹ በሩን ያንኳኳና እወርዳለሁ› ይላል። አንኳኳ። ሰውዬው ግን ንቅንቅ አላለም።»

ፀጉር ቤት ያላት ሴት፦ «አይጮህማ። ዩኒፎርም ለብሶ የማይጮህ ሰው ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው። እሱንም በመጽሐፍ።»

ጡረተኛ ወታደር፦ «የጫማ ክር አስተሳሰሩ ሳይቀር ልክ ነው። እኛን የሚያውቅ ሰው ነው የጻፈው።»

የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ፦ «በጦርነቱ ጊዜ ስንት ሰው ጠፋ፤ በማን እጅ እንደጠፋ የሚነግርህ የለም። ጎሹ ግን ሁልጊዜ አንድ ሰው ያወጣልሃል። ‹ይሄ ነው› ይልሃል። መጽሐፉን ዘግተህ እፎይ ትላለህ።»

ልሳኑ የአስተማሪውን ንግግር በጣም ወዶት በፕሮግራሙ መግቢያ ላይ ስንት ጊዜ ደገመው። ዛሬ አይወደውም።

፬

የስልክ ንግግር፣ ምዕራፍ አሥራ ዘጠኝ ሊነበብ ጥቂት ቀን ሲቀረው

ሴትዮዋ፦ ልሳኑ የምትባለው አንተ ነህ?

ልሳኑ፦ ነኝ፣ እናቴ።

ሴትዮዋ፦ በሬዲዮ ትልቅ ሰው ትመስለኝ ነበር። ልጅ ነህ ለካ።

ልሳኑ፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ይለኛል።

ሴትዮዋ፦ አስካለ እባላለሁ። ጥድ አምባ ነው የምኖረው። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን።

ልሳኑ፦

አስካለ፦ ዝም አልክ። ገብቶሃል ማለት ነው።*

ልሳኑ፦ ልብ ወለድ እኮ ነው፣ እናቴ።

አስካለ፦ እሱን ለጥድ አምባ ሰው ንገርልኝ። ለቅሶው የእናቴ ነው። ልጁ ወንድሜ ሞላ ነው። መጡ፣ ንፍሯችንን በሉ፣ ወሰዱት፣ በዚያው ቀረ። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ያመለከትኩት ግን እኔ አይደለሁም። ያን ሰዓት ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ ራሴን ስቼ ውኃ ይረጩብኝ ነበር። መጽሐፉ ሲወጣ ሁሉም «አስካለ ናት» አለ። የተጻፈ ነገር ሲሆን ሰው ያምናል። ወንድሞቼም አመኑ።

ልሳኑ፦ ሁሉም?

አስካለ፦ ታናሼ ሽብሩ ቀረኝ። ገጠር ነው ያለው። ማንበብ አይችልም፤ ስለ መጽሐፉም የነገረው የለም። በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮውን ይዞልኝ ይመጣል። ጎኔ ቁጭ ብሎ አንድ ነገር ሳይናገር ይውላል፤ ከዚያ ይሄዳል። እሱ ነው ያለኝ ሰው። ሬዲዮ ግን አለው። ማሳም ሲወርድ ይዞት ነው። የአንተን ደግሞ አያሳልፍም።

ልሳኑ፦ እና ምን ላድርግልዎት?

አስካለ፦ እሱን እንኳ አትውሰድብኝ።

—
* በልብ ወለዱ ውስጥ ወንድሟን ለጎሹ የምታመለክተው እህቲቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቤቷ ከወፍጮ ቤት ጎን ነው። ከተማው ጥድ አምባ ነው።

፭

ሻምበል ምትኩ ደብረ ዘይት፣ በረንዳቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። የአስካለን ስም ሲሰሙ አልደነገጡም።

«አሁንም ትሰፋለች?» አሉ።

«ትሰፋለች። እሷ ናት ያመለከተችዎት?»

«ማንም አላመለከተም።»

ልሳኑ ወንበሩን ወደፊት ሳብ አደረገ።

«የቅርብ ዘመድ ከሩቅ ሲመጣ ድንኳኑ ምን ያደርጋል?» ሲሉ ጠየቁት።

«ይነሣል። እንደ አዲስ ይለቀሳል።»

«ተነሣ። ልጁ ቂል አልነበረም። በርኖስ ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እንደማንኛውም የባላገር ለቅሶኛ ከኋላ ሹልክ ብሎ ገባ። ጥግ ይዞ ለእናቱ አልቅሶ ሊወጣ ነበር ሐሳቡ። መግቢያው ላይ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ ሲያየው ብድግ አለ። አስቦበት አይደለም፤ እግሩ ነው የተነሣው። ከዚያ አጠገቡ ያለው። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ። ሴቶቹ ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። እኔ ፎቶግራፍ አጥቼ ነበር የተቸገርኩት፤ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ አሳየኝ።»

«እና ለምን እንደዚህ አልጻፉትም? ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ?»

«ጽፌው ነበር። መልሼ ሳነበው ጎሹ አስጠላኝ። ሰው ለወንድሙ ሲነሣ አድፍጦ የሚይዝ መርማሪ ማን ይወዳል? አንባቢ ከሃዲ ይፈልጋል ልጄ። ከሃዲ ስትሰጠው ጎሹ ንጹሕ ይሆንለታል። አንዲት ሴት አስገባሁ፤ አገጯን ወደ ልጁ ቀና አደረገች። የስፌት መኪናዋን በመስኮት አይቼው ነበርና እሱንም ጨመርኩት። ያየሁትን ነበር የምጽፈው።»

«ይህን በሬዲዮ ይናገሩልኝ።»

ሻምበሉ እጃቸውን ከፀሐዩ ወደ ጥላው መለሱ።

«ሰው የሚወደው ጎሹን ነው» አሉ። «እኔን ማን ያውቀኛል? ብናገር ጎሹም ይሞታል፣ እኔም እታወቃለሁ። አንተ እንደፈለግህ አድርገህ አንብበው። እኔን ግን ማይክሮፎን ፊት አታቁመኝ።»

ልሳኑ መንገዱን ሙሉ ሲያስብ መጣ። ሴትዮዋ እውነት አላት። ሽማግሌውም የዕድሜ ልክ ሥራቸው ነው። አድማጩም ምዕራፉን ሲጠብቅ ከርሟል። እንደ ልማዱ ሦስቱንም ሚዛን ላይ አስቀመጠ።

፮

ለሁሉም ሰው ፍትሐዊ መሆን ከፈለግህ

እርሳስ አንሣ። «እህቲቱ» የሚለውን ሰርዝ። ከላዩ «አንድ ሰው» ብለህ ጻፍ። «ማድቤቱ በር ላይ ቆማ» የሚለውንም ሰርዝ። ስለ ስፌት መኪናው የሚያወራውን አንቀጽ በሙሉ ዝለለው። ጮክ ብለህ ሞክረው። ይሄዳል፤ ስፌቱ አይታይም።

ደራሲው አልተነካም። ሴትዮዋ አልተነካችም። አድማጩ ምዕራፉን አገኘ።

እርሳሱን አስቀምጥ። በራስህ ደስ ይበልህ።

፯

ያልተነበበው





፰

ቀጥታ ስርጭት፣ ከትረካው በኋላ

(ጣቢያው ከትረካ በኋላ የአድማጮችን ስልክ ይቀበላል። ልሳኑ ስንት ነገር ሲያሰላ ይህን ዘንግቶት ነበር። ልክ ነው፣ ለማመን ያስቸግራል። በየሳምንቱ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ሰው ደግሞ የለመደውን ነገር አያስበውም።)

አንደኛ ደዋይ፦ ልሳኑ፣ አንጀቴን በላኸው። ጎሹ ንፍሮ ሲቅም እኔ እዚህ ጉሮሮዬን አነቀኝ።

ልሳኑ፦ እናመሰግናለን። ቀጣይ ደዋይ፣ ሃሎ?

ሁለተኛ ደዋይ፦ ሃሎ። ሰላም ነህ? አንተ ዛሬ ምን ነካህ?

ልሳኑ፦ ምነው?

ሁለተኛ ደዋይ፦ ዘለልክ! መጽሐፉ እጄ ላይ ነው፤ በጣቴ እየተከተልኩህ ነበር። «አንድ ሰው» የሚል የለም። እህቱ ናት እኮ!

ልሳኑ፦ ለሬዲዮ እንዲመች ትንሽ...

ሁለተኛ ደዋይ፦ የምን ለሬዲዮ? ዋናውን ነገር አውጥተህ? እሷን ካወጣሃት ምን ቀረ? ቆይ ላንብብልህ። «እህቲቱ አገጯን ቀና...»

ልሳኑ፦ ወንድሜ፣ ሰዓት የለንም፣ ሌሎች ደዋዮች...

ሁለተኛ ደዋይ፦ እኔ የጥድ አምባ ልጅ ነኝ። እኛ ጋ የማያውቅ የለም። ሴትዮዋ ዛሬም ወፍጮ ቤቱ ጎን ትሰፋለች፤ ሱሪዬን ያሳጠረችልኝ እሷ ናት። አስካ...

(መስመሩ ተቋረጠ። ያቋረጠው ልሳኑ ነው።)

፱

ዘገየ።

፲

ደወለላት። የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ቆመ።

«ሰማሁ» አለች አስካለ። «ዘለኸው ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።»

«እናቴ፣ እኔ እኮ...»

«አልፈርድብህም። ያ የደወለው የጎረቤቴ የእናኑ ልጅ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ አፉ ነው እንጂ።» ክር ስትበጥስ ተሰማው። «ግን ልጄ፣ ስልኩን መክፈት የግድ ነበር?»

ተወቅሶ ቢሆን ይሻለው ነበር።

«ሽብሩ ደወለ?»

«ደውሎ አያውቅም። በበዓል ነው የሚመጣው።»

መኪናው እንደገና መሥራት ጀመረ።

፲፩

ሊነበብ ይችል የነበረው

«ማንም አላመለከተም። ወንድሙን ያየ ሰው ተነሣ። ከዚያ ሁሉም ተነሡ።»

ይኸው ነው። አንባቢ ሆይ፣ ድምፅህን አውጥተህ አንብበውና ምን ያህል እንደሚፈጅ እይ። በትረካው መሐል ከሚገባው የቀለም ማስታወቂያ ያጥራል። ልሳኑ ይህን ያውቅ ነበር። ከሻምበሉ አፍ የሰማው እሱ ብቻ ነው። ይህን ከመናገር ይልቅ አንድ ቃል በእርሳስ መሰረዝ ጨዋነት መሰለው። ሰረዘ፤ የጎደለውን ሌላ ሰው ሞላው።

የጎደለ ቦታ ባዶውን አይቀመጥም። በተለይ በእንዲህ ዓይነት መጽሐፍ። አንባቢው ገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ «ማነው?» እያለ ነው የሚመጣው።

፲፪

ሰኞ ረፋድ ላይ የጣቢያው ስልክ ተደወለ።

«ልሳኑ የሚባለውን ፈልጌ ነበር።»

«እኔ ነኝ።»

«ሽብሩ እባላለሁ። የአስካለ ወንድም።»

ልሳኑ ከወንበሩ ተነሣ። ለምን እንደተነሣ አላወቀም።

«ጋሽ ሽብሩ፣ ትናንት የሆነው ነገር...»

«ቆይ፣ አንዴ ልጨርስ። በሰው ስልክ ነው የምደውለው። ያን መጽሐፍ የጻፈውን ሰው ታውቀዋለህ?»

«አውቃቸዋለሁ።»

«እዚያ ነበረ? ድንኳኑ ውስጥ?»

«ነበሩ።»

«እንግዲያው ያውቃል።» ከሰውዬው ጀርባ የከብት ድምፅ ይሰማል። «እኔም ነበርኩ። ገና ጎረምሳ ነኝ፤ መግቢያው ላይ ነው የተቀመጥኩት። ሞላ አንገቱን ደፍቶ ገባ። ደፍቶም አወቅሁት፤ ወንድሜ አይደል? እናታችን ሞታለች፣ ወንድሜ መጣ። ብድግ አልኩ። እኔ ብድግ ስል ሰው ሁሉ ተነሣ። ዞር ስል አብሮን ሲያለቅስ የነበረ አንድ የማላውቀው ሰው ነጠላውን እየጣለ ነው።»

ልሳኑ መቀበያውን ወደ ሌላኛው ጆሮው አዛወረ።

«ከዚያን ቀን ጀምሮ ያሳየሁት እኔ ነኝ ብዬ ኖርኩ። ለሰው አልተናገርኩም። ለአስካለም። በዓል በመጣ ቁጥር ልንገራት እያልኩ እሄዳለሁ፤ ጎኗ ቁጭ እልና አፌ አልከፈት ይለኛል። እሷም አትጠይቀኝ። ትናንት ሬዲዮው ውስጥ ያ ልጅ ‹እህቱ ናት› ሲል...»

«ጋሽ ሽብሩ...»

«ቀለለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀለለኝ። እኔ አልነበርኩም ለካ አልኩ። ቀጥሎ ደግሞ አፈርኩ። አስካለ እንዲህ ታደርጋለች? አታደርግም። ግን ተጽፏል፤ የጻፈውም ነበረ ትለኛለህ። አንተ ደግሞ ዘለኸው፤ ካልሆነች ለምን ትዘለዋለህ?» አሳለ። «እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፣ የሰማኸውን። አስካለ ናት ወይስ እኔ?»

መልሱ ልሳኑ ጋ ነበር፤ በሻምበሉ ቃል፣ ምንም ሳይጎድል። እሷን ነጻ የሚያወጣው ይህንኑ ሰው የሚቀብረው ነው። ለሁለቱም የሚሆን ሌላ ቃል ፈለገ። «አንድ ሰው» የሚለው መጣለት፤ አባረረው።

«አለህ?» አለ ሽብሩ። «የሰው ስልክ ነው።»

«አለሁ።»

«እሺ።»

«ጋሽ ሽብሩ፣» አለ ልሳኑ፣

፲፫

መልሱ